ሐረር ታድሶ ድሬዳዋ የተቃጠለው አምፕሊፋየር፦ የአሥራ አራት ወር ተሞክሮ

ግንቦት 2016 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከዚራ በሚገኘው ቤቴ አራት ጓደኞቼ ለበርጫ ተቀምጠው በኡድ የታጀበ የቆየ ካሴት እያዳመጥን ሳለ፣ 9,700 ብር አውጥቼ ያሳደስኩት አምፕሊፋየር «ቀጭ» የሚል ድምፅ አሰማና ጸጥ አለ። ወዲያው የተቃጠለ ቫርኒሽ የመሰለ ሽታ ሳሎኑን ሞላው። ከጓደኞቼ አንዱ፣ ከወራት በፊት «ይህን አሮጌ ብረት ጥለህ አዲስ ግዛ» እያለ ሲመክረኝ የነበረው፣ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ከፊቱ ካለው የጫት ዙርባ አንድ እንጨት መዝዞ ቅጠሉን መቀንጠስ ያዘ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከጥቅምት 2016 እስከ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ባሉት አሥራ አራት ወራት መሣሪያው በሰላም የሠራባቸው ቀናት ከተበላሸባቸው ቀናት እጅግ ይበልጣሉ። ሆኖም ስለ ሰላሙ ብዙ የምለው የለኝም፤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ ቅዳሜ ነው። «ያለኝን ላሻሽል ወይስ የተሻለ ሞዴል ልግዛ?» ብሎ የሚያወላውል ሰው፣ በተለይ እንደ እኛ በሙቀት አገር የሚኖር ከሆነ፣ ይህን ታሪክ አስቀድሞ ቢያውቀው ገንዘቡንም ትዳሩንም ይጠቅመዋል። ትዳሩን ያልኩበት ምክንያት ወደ ኋላ ይመጣል።

መሣሪያው በጃፓን የተሠራ፣ በቻናል (ማለትም ለእያንዳንዱ ስፒከር) 40 ዋት የሚሰጥ፣ 11 ኪሎ የሚመዝን ባለ ሁለት ቻናል አምፕሊፋየር ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበርና በ1972 ዓ.ም. ከጅቡቲ በባቡር ይዞት መጣ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ምንም ሳይዘፈንበት ከሁለቱም ስፒከሮች የንብ ቀፎ የመሰለ እምምታ ይሰማ ጀመር፤ የድምፅ መቆጣጠሪያውን ዜሮ ላይ ባደርገውም አይጠፋም። ምክንያቱ ለሙያው ሰዎች እንግዳ አይደለም። የመብራት ኃይላችን በሰከንድ 50 ጊዜ ይዋዥቃል፤ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉት ዳዮዶች ውስጥ ሲያልፍ ውዥዋዜው 100 ይሆናል፤ ያንን የሚያረግቡት ትልልቆቹ ኮንደንሰሮች ደግሞ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በዕድሜና በሙቀት ሲደርቅ አቅም ያጣሉና የ100 ኸርዙ ውዥዋዜ ሳይረግብ ወደ ስፒከሩ ያልፋል። ሰው «ሸመገለ» ሲባል እንደሚከፋው እኔም ስለ አባቴ ዕቃ ይህ ሲነገረኝ ከፋኝ እንጂ ነገሩስ እውነት ነበር።

በድሬዳዋ ዕቃ የሚያስፈልገው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ታይዋን ገበያ ነው። እኔም ሄድኩ። የገባሁበት ሱቅ ሻጭ፣ መብራት የሚያበሩ ስፒከሮች ያሉትን አንድ ሆም ቴአትር አስከፍቶ ደረቴ እስኪነዝር ካስደነገጠኝ በኋላ «አቦ፣ ይኼ አንድ ሺህ ዋት ነው፤ ያንተው አርባ! ምን ያከራክራል?» አለኝ። በዚያን ሰዓት መልስ አላገኘሁለትም። መልሱን ያገኘሁት ማታ በአልጋዬ ላይ ስለሆነ እነሆ አሁን ልስጠው።

ወንድሜ ሆይ፣ ያሳየኸኝን ዕቃ ገልብጠህ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብበው። ከመስመር የሚወስደው ኃይል 65 ዋት እንደሆነ የተለጠፈበት ወረቀት ራሱ ይናገራል። 65 ዋት የሚበላ ዕቃ 1,000 ዋት ሲያወጣ ማየት አምስት እንጀራ በልቶ መቶ እንጀራ እንደሚጋግር ምጣድ ነው። በካርቶኑ ላይ ከቁጥሩ ጎን በትንንሽ ፊደል የተጻፈው «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ» የሚባለው መለኪያ ለአንዲት ቅጽበት እንኳ በእውነት የማይገኝን ኃይል ለማስጮህ የተፈጠረ ነው። የእኔው 40 ዋት ግን የተጻፈው ሌላ ዓይነት ሕግ ባለበት ዘመን ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ባወጣው ደንብ መሠረት የቤት አምፕሊፋየር ኃይሉን የሚያስታውቅ አምራች ሁለቱም ቻናሎች አብረው እየሠሩ፣ በስንት የድምፅ መዛባትና ከየትኛው እስከ የትኛው ድግግሞሽ እንደሆነ የመግለጽ ግዴታ ነበረበት፤ ከመለካቱም በፊት መሣሪያው በተጻፈለት ኃይል አንድ ሦስተኛ ለአንድ ሰዓት ያህል መሥራት ነበረበት። እንዲህ ያለው አምፕሊፋየር ከፍተኛውን ሙቀት የሚያመነጨው በሙሉ ኃይሉ ሳይሆን በዚያው አንድ ሦስተኛ አካባቢ በመሆኑ ፈተናው ቀላል አልነበረም። ለዚያ ገበያ ይሠሩ የነበሩት ጃፓኖች ሙቀት ማራገፊያውን አሉሚኒየም ያን ያህል ያገዘፉት ለውበት አይደለም።

ደግሞም ቁጥሩ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ጆሮ ዋት አይቆጥርም። ከ40 ዋት ወደ 60 ዋት መውጣት በድምፅ መለኪያው በዴሲቤል 2 የማይሞላ ልዩነት ነው፤ ዘፈኑ በእጥፍ ጮኸ ለማለት 10 ዴሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣውና እስከ ዛሬ የሚፈለገው ናድ 3020 በቻናል 20 ዋት ብቻ ነበር የሚሰጠው። እዚያው ታይዋን ሌላ ሱቅ ውስጥ 26,000 ብር የተጠየቀበት፣ ሐቀኛ ቁጥር የተጻፈበት የ60 ዋት አዲስ ሞዴል ነበር፤ የተሻለ ሞዴል ስል የማወዳድረውም ከዚያኛው ጋር እንጂ ከሚያበራው ጋር አይደለም። እሱን ትቼ የአባቴን ለማሳደስ ወሰንኩ። ውሳኔው የሒሳብ ብቻ አልነበረም ካላልኩ ውሸታም ነኝ።

ባለሙያው የሚገኘው ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። 11 ኪሎ ብረት ጭኔ ላይ አስቀምጬ በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ስወጣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ልጄ፣ ታቦት ነው እንዴ?» ብለው ሲጠይቁኝ አልዋሸሁም፤ «ለእኔ እንደዚያው ነው» አልኳቸው። ባለሙያው ሽማግሌ፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ እጃቸው ግን እንደ ሰዓት ሠሪ ነው። ሁለቱን ትልልቅ ኮንደንሰሮችና ድምፁ በሚያልፍበት መንገድ ያሉትን ሠላሳ ያህል ትንንሾች ለመለወጥ፣ የድምፅ መቆጣጠሪያውን ለማጽዳት፣ የተበላውን የስፒከር ማሰሪያ ለመቀየር ተስማማን። ኮንደንሰሮቹን 105 ዲግሪ የተጻፈባቸውን እንድንጠቀም ያሉት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ርካሾቹን የ85 ዲግሪዎቹን ይዤ ነበር የሄድኩት።

የልዩነቱን ምክንያት ሲያስረዱኝ ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። ሁለቱም ዓይነቶች በተጻፈባቸው ሙቀት ላይ 2,000 ሰዓት ይቆያሉ እንበል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜያቸው በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። በእኛ ሳሎን አየሩ 35 ቢሆንና የመሣሪያው ሆድ ዕቃ 30 ቢጨምርበት 65 ይሆናል። በ65 ዲግሪ የ85ቱ 8,000 ሰዓት፣ የ105ቱ ደግሞ 32,000 ሰዓት ይኖራል። በቀን አራት ሰዓት ብንከፍተው የመጀመሪያው ከአምስት ዓመት ተኩል ያልበለጠ፣ ሁለተኛው ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ማለት ነው። በእድሳቱ ውስጥ አንድም ቅሬታ የሌለኝ ወጪ ይህ ነው።

እዚያው እያለሁ ስስት ያዘኝ። ከታደሰ አይቀር ይሻሻል ብዬ፣ ትልልቆቹን ኮንደንሰሮች ከነበሩበት 10,000 ማይክሮፋራድ የመያዝ አቅም ወደ 22,000 እንዲያሳድጉልኝ ጠየቅኩ። ብዙ ወዳጆች ይህን ያደርጋሉ፤ «ቤዙ ይወፍራል» ይላሉ። እሳቸው የመበየጃውን ጫፍ በእርጥብ ስፖንጅ እየጠረጉ ቀና ሳይሉ «ባዶ ጋን ስትሞላ ውኃው እንዴት እንደሚጎርፍ አይተሃል? ይህም ሲበራ እንደዚያ ይጎርፍና ዳዮዱንና ማብሪያውን ይመታዋል። ሠሪው ያላሰበውን እኔ አላስብለትም» አሉኝ። ተናድጄ ነበር። ዛሬ ያን እንቢታ አመሰግናለሁ፤ ምክንያቱም ማደስና ማሻሻል አንድ እንዳልሆኑ ያስተማረኝ እሱ ነው። ማደስ መሣሪያውን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል፤ ማሻሻል ግን ሠሪው በአንድ ላይ ያመዛዘነውን ነገር አንድ በአንድ እየነቀሉ መተካት ነውና የነቀለው ሰው ቀሪውን ሁሉ ማወቅ ይጠበቅበታል።

ክፍሎቹ 5,200፣ የእጅ ዋጋ 4,500 ሆኖ 9,700 ብር ከፍዬ ተመለስኩ። እምምታው ጠፍቶ ነበር። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ስለሆነው በአንድ ዐረፍተ ነገር ላጠቃልል፦ ጥሩ ነበር።

አሁን ወደ ግንቦት። ያ ቅዳሜ ከ35 ዲግሪ በላይ ነበር፤ አምፕሊፋየሩ ቡፌው ውስጥ በታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ሦስት ሰዓት ያህል ያለማቋረጥ ሠርቷል። ዕቃውን ለማውጣት ጎንበስ ስል ክዳኑ ላይ፣ ልክ በአየር መውጫ ቀዳዳዎቹ አናት ላይ፣ ባለቤቴ በእጇ የሠራችው ነጭ ዳንቴል ተዘርግቶ አየሁ። በመካከሉ የብርጭቆ አበባ ማስቀመጫ ነበረበት። እንግዶቹ እስኪወጡ አልጠበቅኩም። ስለ አየር ዝውውርና ስለ ዳንቴል ያልኩትን እዚህ አልደግመውም፤ እሷም መልሳ «ዳንቴሉ አባትህ በሕይወት ሳሉም ነበረበት» ያለችኝን መድገም ግን ግዴታዬ ነው፤ እውነት ነበርና። እናቴም ዳንቴል ታለብሰው ነበር። በዚያው ዳንቴል ሥር ለአርባ ዓመት ያልተቃጠለ ዕቃ በሰባት ወሩ ለምን ተቃጠለ? ይህን ጥያቄ በንዴቴ መካከል አልሰማሁትም።

ጥያቄውን የመለሱት ሐረር ያሉት ባለሙያ ናቸው። ክዳኑን ከፈቱ፣ የተቃጠሉትን ፊውዞችና በአንደኛው ቻናል የሞቱትን ሁለት የኃይል ትራንዚስተሮች (ስፒከሩን የሚነዱትን) አወጡ፤ ቀጥሎ አሉሚኒየሙ ላይ የተጠጋችውን አንዲት ትንሽ ትራንዚስተር በጥፍራቸው ነካ አደረጓት። ተወዛወዘች። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቷት። ከሥሯ መኖር የነበረበት ነጭ የሙቀት ቅባት ደርቆ እንደ ኖራ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ የምትይዛት መቆንጠጫም በደንብ አልጠበቀችም። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ኮንደንሰሮቹን ለመለወጥ ቦርዱን ከብረቱ ሳላቅቅ ይህችን መልሼ በአዲስ ቅባት ማሠር ነበረብኝ። ዳንቴሉ ገፋው እንጂ አልጣለውም።»

የዚህች ትንሽ ክፍል ሥራ በደንብ ሊታወቅ ይገባል። የኃይል ትራንዚስተሮች ዘፈን በሌለበት ጊዜም ጥቂት ኤሌክትሪክ እንዲያልፍባቸው ይደረጋል፤ ሙሉ በሙሉ ከተዘጉ፣ ድምፁ ከአንደኛው ወደ ሌላኛው ሲሻገር ይሰበርና በተለይ በዝቅተኛ ድምፅ ሻካራነት ይሰማል። ባለሙያዎቹ ይህን የዕረፍት ጊዜ ፍሰት «ባያስ» ይሉታል። ችግሩ ትራንዚስተር በሞቀ ቁጥር ያው መጠን ያለው ፍሰት ለማሳለፍ የሚፈልገው ቮልቴጅ በአንድ ዲግሪ 2 ሚሊቮልት ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ቮልቴጁ ካልተቀነሰለት ብዙ ያሳልፋል፤ ብዙ ሲያሳልፍ ይሞቃል፤ ሲሞቅ የባሰ ያሳልፋል። ትንሿ ትራንዚስተር ከአሉሚኒየሙ ጋር የምትጣበቀው ሙቀቱን ቀምሳ ቮልቴጁን እንድትቀንስ ነው። የእኔዋ ግን ከብረቱ ተለያይታ አየር ላይ ተቀምጣለች፤ ቤቱ እየተቃጠለ እሷ በረንዳ ላይ ሆና «ሰላም ነው» እያለች ነበር።

በቁጥር ሲታይ ይብሳል። ባለሙያው በጥቅምት ምሽት፣ ሐረር ላይ፣ ሹራብ ለብሰው ባያሱን ሲለኩ ፍሰቱ ከሚታወቅበት የ0.22 ኦም ሬዚስተር ላይ 11 ሚሊቮልት አገኙ፤ ይህ 50 ሚሊአምፔር ነው፣ ልክ ነው። የተረፈውን ቻናል እኔው ቤት ወስጄ ቆይቶ ስለካው 40 ሚሊቮልት፣ ማለትም 180 ሚሊአምፔር ገደማ ደርሶ አገኘሁት፤ እሱም ባልተቃጠለው በኩል። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ቮልቴጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ 72 ቮልት ነውና፣ በሁለቱ ቻናሎች ሲታሰብ ያለ ሥራ የሚባክነው ሙቀት ከ7 ዋት ወደ 26 ዋት ያድጋል ማለት ነው፤ ገና ዘፈኑ ሳይጀመር። ሐረር ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ በሚኒባስ ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚያልፍ መንገድ ነው። ለአምፕሊፋየር ግን ሌላ አገር ነው። ቅድም ያነሣሁት የአሜሪካ ደንብ እንኳ ፈተናው የሚካሄድበትን አየር ከ25 ዲግሪ ያላነሰ ነው የሚለው፤ 25 ዲግሪ የሐረር ቀትር ነው። የግንቦትን ድሬዳዋ ማንም አላሰበበትም፤ ጃፓኖቹም፣ አሜሪካኖቹም፣ ደንገጎን ወጥቼ ያገኘኋቸው ሽማግሌም፣ እኔም።

ምትክ ትራንዚስተሮቹን የመፈለግ ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ከአንድ ሱቅ አራት ፍሬ ገዝቼ ስወስድላቸው ባለሙያው ጥጥ በአሴቶን ነክረው አንደኛውን አበሱት፤ ቁጥሩ ተፍቆ ጥጡ ላይ ቀረ። ከሥሩ የሌላ ርካሽ ትራንዚስተር ጽሕፈት ብቅ አለ። አዲሱን ሞዴል ይዤ ቢሆን ይህን ሁሉ አላይም ነበር፤ የዋስትና ወረቀቴን ይዤ ሱቁ በር ላይ መቆም ብቻ ይበቃኝ ነበር። (ሱቁ በስድስት ወሩ እዚያው ቦታ ከተገኘ ማለቴ ነው።) እውነተኞቹ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ መጡ፤ 3,800 ብር። ባለሙያው ለዚህኛው የእጅ ዋጋ አልተቀበሉኝም።

ይልቁንም አንድ ያልጠበቅኩትን ነገር አደረጉ። በሰኔ መጀመሪያ ቴስተራቸውን ይዘው ራሳቸው ድሬዳዋ ወረዱ። ልክ በስምንት ሰዓት ቀን፣ ሳሎኑ እንደ ዳቦ መጋገሪያ በጋለበት ሰዓት፣ ኮታቸውን አውልቀው፣ ሁለት ጆግ ውኃ ጠጥተው፣ ከአምፕሊፋየሩ ፊት በዱካ ላይ ተቀመጡ። ክዳኑን ከድነው ለሁለት ሰዓት ሙዚቃ አስከፈቱ፤ ከዚያ ዘፈኑን አስቁመው በትንሿ ቀዳዳ ጠመንጃ መፍቻ አስገብተው የባያሱን ማስተካከያ የፀጉር ስንጥቅ ያህል አዞሩ። «ጋሼ፣ ስንት ላይ ነው?» ብላቸው ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ «ዘጠኝ ሚሊቮልት። በሙቀቱ ዘጠኝ ካለ ማታ ቢወርድ ችግር የለበትም» አሉ። ትንሽ ቆይተውም «ለመሆኑ እናንተ እዚህ እንዴት ነው የምትኖሩት?» ብለው ጠየቁኝ። ባለቤቴ ሻይ አቅርባላቸው ዳንቴሏን ከመሳቢያ አውጥታ አሳየቻቸው። ነገሩን የነገርኳቸው እኔ ነበርኩ፤ እሳቸውም ዳንቴሉን በሁለት እጃቸው ተቀብለው «የተጣራ ሥራ ነው» አሏት። ይቅርታዬን የጠየቅኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ዳንቴሉም አሁን ቴሌቪዥኑ ላይ ነው።

ዕለቱን ሌላም ነገር አሳዩኝ። በመሣሪያው ጀርባ፣ ለተለያዩ አገሮች እንዲስማማ ቮልቴጅ መምረጫ አለ፤ አባቴ ከገዛው ጀምሮ 220 ላይ ነበር። በቴስተር ስንለካ ግን ሌሊቱን ሰው ሁሉ ሲተኛ በእኛ መስመር 238 ይደርሳል፤ ማታ ደግሞ 196 ይወርዳል። መምረጫውን 240 ላይ ሲያደርጉት የውስጡ ቮልቴጅ ከአሥራ ሁለት አንድ እጅ ቀነሰ። የጠፋው ኃይል 16 በመቶ ገደማ ነው፤ በጆሮ ግን አንድ ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። ክዳኑ ላይ እጅ ሲያሳርፉ ልዩነቱ ይታወቃል። ለዚህ ማሻሻያ የወጣው ገንዘብ ዜሮ ነው፤ ከሁሉም የረካሁበትም እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ፣ በነሐሴ ወር፣ ያንኑ የ26,000 ብሩን ዓይነት አዲስ ሞዴል ዘመዴ ገዝቶ ለሁለት ሳምንት አዋሰኝ። አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ በተመሳሳይ ስፒከሮች ሰማኋቸው። ድምፁን በተመለከተ ዓይኔን ጨፍኜ የትኛው የትኛው እንደሆነ በተከታታይ መለየት አልቻልኩም፤ ከዚህ በላይ ቅኔ አልቀኝበትም። ሙቀቱን በተመለከተ ግን ደነገጥኩ። አዲሱ «ክፍል ዲ» የሚባለው ዓይነት ነው፤ ትራንዚስተሮቹ ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፈታሉ ወይ ይዘጋሉ እንጂ መካከል ላይ ቆመው አይግሉም፤ ከሚወስደው ኃይል 90 በመቶ ገደማውን ወደ ስፒከር ማድረስ ይችላል። የእኔው ዓይነት በወረቀት ላይ እንኳ ከ78.5 በመቶ አያልፍም፤ በሳሎን ድምፅ ደግሞ ከዚያ በብዙ ያንሳል፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ወደ ድሬዳዋ አየር ይጨመራል፤ የጎደለ ይመስል! አዲሱ ዕቃ ከአምስት ሰዓት በኋላም ለብ ከማለት አልዘለለም። ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ ስለሚቀበል የማታው 196 አላስጨነቀውም። ሚዛኑም 3 ኪሎ ነው።

እዚህ ላይ ነው በሻጮች ላይ ያለኝ ቂም የሚታደሰው። እናንት የታይዋን ወንድሞቼ፣ ለዚህ ከተማ አንድ እውነተኛ መከራከሪያ በእጃችሁ ነበር፦ «ይህ አይሞቅም፣ የመብራቱንም መዋዠቅ ይችላል» ብትሉኝ ኖሮ በዚያው ቀን ገንዘቤን ቆጥሬ እሰጣችሁ ነበር። እናንተ ግን ዋት፣ ዋት፣ ዋት ብቻ። ብሉቱዙን አሳያችሁኝ፣ መብራቱን አሳያችሁኝ፤ እጄን ይዛችሁ ክዳኑ ላይ ያሳረፈ ግን ከመካከላችሁ አንድም አልነበረም።

ሒሳቡን እንዳልሸሽገው፦ መጀመሪያ 9,700፣ ለትራንዚስተር 3,800፣ ለአራት ጊዜ የሐረር ምልልስ ከምግቡ ጋር 1,200፤ ድምሩ 14,700 ብር። የተፈቁትን የሐሰት ትራንዚስተሮች ዋጋ አልቆጠርኩም፤ ኀፍረት ነው። ከአዲሱ ሞዴል 11,300 ብር አትርፌያለሁ ማለት እችላለሁ፤ ነገር ግን አዲሱን ነገ ብሸጠው ገዢ አለው፣ የእኔውን ግን እድሳቱን ጨምሮ 10,000 የሚሰጠኝ አላገኝም። ታዲያ የተሻለውን ሞዴል መግዛት አልነበረብህም ወይ ብትሉኝ፣ ትናንት ብትጠይቁኝ «ነበረብኝ» እል ነበር፤ ትናንት መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጥቶ አናቴን አዙሮት ነበርና። ዛሬ ጠዋት ግን ቤቱ ቀዝቅዞ፣ የታኅሣሥ ነፋስ በመስኮት እየገባ፣ ያችን ቅዳሜ የተቋረጠችውን ካሴት ከጀመረችበት እስከ መጨረሻዋ አዳመጥኳት፤ ኡዱ ሲመታ የክሩ ብቻ ሳይሆን የእንጨቱም ድምፅ ይሰማል፤ እናም አልቆጨኝም።

ለሌላ ሰው ግን የምለው የተለየ ነው። ዕቃው የአባትህ ካልሆነ፣ ሐረርም እንደ እኔው ሽማግሌ ያሉ ባለሙያ ከሌሉህ፣ አዲሱን ግዛ፤ ስትገዛም ጀርባውን አንብብ። የምታሳድስ ከሆነ ደግሞ ኮንደንሰሩ የ105 ዲግሪ ይሁን፣ የሙቀት ቅባቱን በዓይንህ አይተህ አረጋግጥ፣ ባያሱም በምትኖርበት ከተማ፣ በምትኖርበት ቤት፣ በቀኑ እኩሌታ ይለካ። ኦፕ-አምፕ የሚባለውን ትንሽ የማጉያ ቺፕ መለወጥ፣ የብር ሽቦ፣ በወርቅ የተለበጠ መሰኪያ የሚሉትን አልሞከርኳቸውም፤ ገንዘቡም አልተረፈኝም።

ባለቤቴ አንድ ሁኔታ አስቀምጣለች፦ በሚመጣው ግንቦት ዳግመኛ ቢቃጠል ምትኩን የምትመርጠው እሷ ናት፤ አነስ ያለ፣ የማይሞቅ፣ ዳንቴል የሚችል። ተስማምቻለሁ። አምፕሊፋየሩን ከቡፌው አውጥቼ መስኮቱ ሥር በአራት የእንጨት ቁራጭ ላይ አቁሜዋለሁ፤ ቴስተር ገዝቻለሁ፤ በየወሩ መጀመሪያ ቀን በስምንት ሰዓት እለካለሁ፤ የለካሁትንም ክዳኑ ውስጥ በተለጠፈ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። የታኅሣሡ 8.5 ነበር።